ተኵላና በግ በአንድነት ስለ ማደራቸው፤ በኢሳይያስ 11ኛ ምዕራፍ አነባበብ ላይ የቀረበ ነቀፋ

በጾመ ነቢያት፥ ይልቁንም ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ዘመነ ስብከት በገባ ጊዜ፥ ስለ ሰላም የሚያስተምር መምህር ሁሉ ወደ ኢሳይያስ 11ኛ ምዕራፍ ይሄዳል፤ ከዚያም 6ኛውን ቍጥር አንሥቶ ተኵላ ከበግ ጋር እንዲያድር፥ ነብርም ከፍየል ጠቦት ጋር እንዲተኛ ይናገራል። ቃሉ እውነት ነው፤ አነሣሡ ግን ጐደሎ ነው። በዚህች ጽሑፍ የምንነቅፈው መምህራኑን አይደለም፤ ንባቡን ከመካከል መጀመራቸውን ነው እንጂ።

ነቢዩ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትር ተናግሮ፥ ተኵላውንና በጉን ሳያነሣ አስቀድሞ በ3ኛውና በ4ኛው ቍጥር ዳኝነቱን ያነሣል፤ ይኸውም ዓይን እንዳየ ጆሮም እንደ ሰማ የማይፈርድ፥ ለድኃ ግን በጽድቅ የሚፈርድ መሆኑን ነው። እንግዲህ የአራዊቱ ዕርቅ የፍርዱ ፍሬ ነው። ፍርዱን ትቶ ዕርቁን ብቻ የሚሰብክ ሰው ሳይዘራ አጫጅ እንደሚጠራ ገበሬ ነው።

ደግሞ ወደ በጉ ማደሪያ የሚመጣው ተኵላው ነው እንጂ፥ በጉ ወደ ተኵላው ዋሻ ሂድ አልተባለም። በ7ኛውም ቍጥር አንበሳው እንደ በሬ ገለባ እንዲበላ ተነግሮአል። ይህን ቃል የጋዝጊብላ ገበሬ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ይልቅ ያውቀዋል፤ በበጋ ወራት ገለባ ለበሬ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና። አንበሳው ጥርሱን መሸሸግ አልበቃውም፥ መብሉን ለወጠ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ወደ ዋግ ተሻግሮ፥ ብዙ ሰው ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተሰዶ በሰቆጣ ተጠግቶ ነበር። አበርገሌ የሚለው ስም በዋግም በትግራይም የሚጠራ ነው፤ የተዋጋው ጎረቤት ከጎረቤት ነበርና። የሰላሙ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ሲፈረም፥ ጾመ ነቢያት ሊገባ 22 ቀን ቀርቶት ነበር። የመድፉ ዝም ማለት ታላቅ ምሕረት ነው። ነገር ግን በየወገኑ ያለው አንበሳ ጥርሱን ሸሸገ እንጂ፥ ገለባ መብላቱን በፊርማው ቀን ማን አየ?

በዐውደ ምሕረት የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለተበዳዩ የተነገረው ነው። ቤቱ የተቃጠለበትን፥ ከብቱ የተነዳበትን ሰው ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ይሉታል፤ ይህም በማቴዎስ 18ኛ ምዕራፍ ያለ የጌታ ትእዛዝ ስለ ሆነ አይነቀፍም። በዚያው ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ 23ኛና 24ኛ ቍጥር የታዘዘው ግን ወንድሙ የሚቀየመው ሰው ነው፤ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ የተነገረው ለእርሱ ነው። የአገራችን ሽማግሎች ይህን ሥርዓት ያውቁታል። ደም ሲያደርቁ በደለኛው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ወገን ፊት ይወድቃል፥ ካሳውም ይቈረጣል፤ መስቀል የያዘው ካህን በመካከል ይቆማል። (አንዳንዱ የተማረ ሰው ይህን የባላገር ልማድ ብሎ ይንቀዋል።) በዚህ ነገር ሽማግሌው ከሰባኪው ይልቅ ወንጌሉን ጠብቆአል።

ነቀፋው ከራሳችን ቤትም አይርቅም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ፥ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እንዲጠራ ተስማምተው ነበር፤ መለያየቱ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ቈይቶ ነበርና ብዙ ሰው በደስታ አለቀሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ወደ መቀሌ በሄዱ ጊዜ የትግራይ አባቶች አልተቀበሉአቸውም። ቅዱስ ሲኖዶስ ይቅርታ የጠየቀው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነበር፤ መባው በመሠዊያው ላይ ብዙ ቈይቶአል።

የአራዊቱ ማደር ምሥጢር ነው፥ አሕዛብና ሕዝብ በአንዲት ጥምቀት መሰብሰባቸው ነው የሚል ይኖራል። እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ተጠማቂው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ከመመስከሩ በፊት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ በዚህም ሥርዓት ቢሆን መተዉ ይቀድማል።

ስለዚህ የዋግ መምህራንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በመጪው የስብከት እሑድ ምዕራፉን ከ1ኛው ቍጥር ጀምረው ያንብቡልን፥ በ4ኛውም ላይ ጥቂት ይቆዩ።