መፈክር ወይስ ትምህርት?

አንድ ገዥ ፓርቲ የሕዝብን ህልውና የሚነካ ዓላማ ይዞ ሲነሳ፣ ጉዳዩ ያሳሰባቸው ወገኖች ሕዝብ ሰብስበው ይናገራሉ። ይህንንም «ሕዝብን ማስተማር» ይሉታል። ለመሆኑ የተነገረ ሁሉ ትምህርት ነውን?

የህንድ ሙስሊሞችን ሁኔታ እንመልከት። ቢ.ጄ.ፒ. የተባለው ገዥ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ምርጫ የዜግነት ሕጉን ለማሻሻልና የዜጎች መዝገብ ለማዘጋጀት ቃል ገባ። ሕጉ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጸደቀ። ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከአፍጋኒስታን እስከ 2014 መጨረሻ ለገቡ ሂንዱዎች፣ ሲኮች፣ ቡድሂስቶች፣ ጄይኖች፣ ፓርሲዎችና ክርስቲያኖች የዜግነት በር ሲከፍት ሙስሊሙን ግን ሳይጠቅስ አለፈው። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ በአሳም ግዛት በወጣው መዝገብ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስማቸው ሳይገኝ ቀርቶ ነበር።

ዲሴምበር 15 ቀን 2019 በደልሂ ከተማ፣ ሻሂን ባግ በተባለው ሰፈር እናቶችና አያቶች በዚያ ብርድ መንገድ ላይ ተቀመጡ። መቶ ቀን ያህልም ቆዩ። የሕገ መንግሥቱ መግቢያ በጋራ ይነበብ ነበር። በአውቶቡስ መጠበቂያው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ተማሪዎችም ሕፃናትን ንባብና ሥዕል አስተማሩ። የአገሩን ሕግ ከባለሙያ እጅ አውጥቶ ለአያቶች መስጠት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታላቅ ሥራ ነው። ይህን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም።

ይሁን እንጂ መመስገን ያለበትን ያህል መነቀስ ያለበትም አለ። መንግሥት «ሕጉ የማንንም ህንዳዊ ዜግነት አይነጥቅም» ይል ነበር። የዚህ ምላሽ ጩኸት ሳይሆን ማብራሪያ ነው። ሕጉና መዝገቡ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ከመዝገብ የወጣ ሂንዱ በሕጉ በኩል መመለሻ ሊያገኝ ይችላል፤ ከመዝገብ የወጣ ሙስሊም ግን በሩ ዝግ ነው። ይህ በመፈክር የሚገባ ነገር አይደለም። በአሳም ከመዝገብ ከወጡት መካከል ብዙ ሂንዱዎችም ነበሩና ድሃው ሂንዱ ጎረቤትም ትምህርቱ ይገባው ነበር። ነገር ግን ንግግሩ በአብዛኛው የተደረገው አስቀድሞ ላመነው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የወረቀት ነገር ነው። በሁለት ሰነዶች ላይ ስሟ በተለያየ ፊደል የተጻፈባት የቀን ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ምንድን ነው? የትኛው ቢሮ ሄዳ፣ ምን ይዛ፣ እንዴት እንደምታስተካክል ማወቅ አይደለምን? የመድረክ ተናጋሪ ግን እንባዋን እንጂ ሰነዷን አያይም።

ማርች 24 ቀን 2020 በኮሮና በሽታ ሳቢያ እንቅስቃሴ ሲታገድ ድንኳኑ ተነሳ። የሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ ግን ማርች 2024 ወጣ። ድንኳን ይነሳል፤ የገዥ ፓርቲ ዓላማ ግን አራት ዓመትም ቢሆን ይጠብቃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! የሕዝብ ትምህርት መመዘኛው የጭብጨባው ድምቀት አይደለም። አስተማሪው ከሄደ በኋላ እናት ለጎረቤቷ ሕጉን ማስረዳት ከቻለች ተምራለች። ካልቻለች ግን አዳምጣ ተመልሳለች ማለት ነው። እኛስ በየስብሰባችን ስንቱን አስተማርን? ስንቱንስ አስጨበጨብን?

ወላሁ አዕለም።