ከጎማ ዛፍ ሥር ለሚሳበው ሐረግ
በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ብዙዎቹ የማላያ ጎማ አልሚዎች ማሳቸውን ከአረም ፈጽመው ያጸዱ ነበር፤ ኃይለኛው ዝናብም የተራቆተውን የተዳፋት አፈር ጠርጎ ወሰደው። ስለዚህ በዛፎቹ መካከል ፑኤራሪያን የመሰሉ የባቄላ ዘመድ ሐረጎችን መዝራት ትልቅ ክብር የሚገባው ጥበብ ነው እላለሁ። የዚያ አገር አፈር ለዘመናት በዝናብ የታጠበ፣ አሲዳማና ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፤ የጎማ ዛፍ ደግሞ አሲዱን ቢችልም ረሃቡን አይችልም። ሐረጉ መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍናል፤ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። ውሃ ይሻማል፣ ዛፉ ላይም ይጠመጠማል የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ለዚህ ግን በግንዱ ዙሪያ ያለውን እየመነጠሩ ማጽዳት ይበቃል። ዛፎቹ ሲያጠሉበት በጥቂት ዓመታት መጥፋቱም እውነት ነው፤ ሆኖም ሲበሰብስ ያከማቸውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይለቃል፣ ዛፉም ከዚያ ይመገባል። ፎስፈረስ ግን አይፈጥርም፤ እሱን አልሚው ራሱ በማዳበሪያ መጨመር አለበት።