በ70 ፊደል የተጠቀለለ ልብ ወለድ

በደብረ ብርሃን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ይህን ያውቃል፤ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲጠየቅ ፈጥኖ እጁን የሚያወጣው ተማሪ መጽሐፉን ገልጦት ላያውቅ ይችላል። ያነበበው በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ማጠቃለያ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ገጽ፣ አንዳንዴም ጓደኛው የላከለትን ሦስት መስመር። በዚህ ልማድ ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ ሁሌም አንድ ነው፦ ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ ንባብን ገደለው፣ ታላቅን ሥራ ማሳጠር ድፍረት ነው። ወቀሳው ዒላማውን የሳተ ይመስለኛል። የሊቅን ችሎታ ሁለት ቤት ብቻ ባለው ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ ስትመዝን የኖረች አገር ማሳጠርን እንደ ነውር ልትቆጥር አትችልም። መጠየቅ ያለበት፣ ሲያጥር ምን ተረፈ፣ ምንስ ተጣለ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን የስልኩ ማጠቃለያ እስካሁን ከተወቀሰው በላይ ሊወቀስ ይገባዋል።

ነገሩ ከእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ዶት ሞባይል የተባለ የእንግሊዝ የተማሪዎች ስልክ ኩባንያ የታወቁ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን በስልክ ምኅጻር ጠቅልሎ ለፈተና አጥኚዎች እንደሚልክ አስታወቀ። አማካሪው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ጆን ሰዘርላንድ ነበሩ። ከተጠቀለሉት አንዱ የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» ነው። በዚያው ወቅት በአገራችን ከምርጫ 97 ማግስት የተዘጋው የአጭር መልእክት አገልግሎት ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። እኛ ወደ ነገሩ የገባነው ዘግይተን፣ አብዛኞቻችንም በቴሌግራም በኩል ነው።

የመሣሪያው ጠባይ ራሱ ጥቂት ይነገርለት። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን መጻፍ የለመደው በዚህ ምክንያትና የቀደሙት ስልኮች ፊደላችንን ስለማያውቁት ነው። ጉዳቱ ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በፊደላችን ክፍት ቦታውን ጨምሮ 12 ምልክት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ወደ 18 ይጠጋል። ላቲኑ ቦታ ሲያጣ አናባቢዎቹን ይጥላል፤ «ሰላም» ሦስት ተነባቢ ሆኖ ይቀራል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኤዛና ጊዜ፣ የግዕዝ ጽሕፈት ከአናባቢ ምልክት አልባነት ወጥቶ ሰባቱን መልክ ያዘ፤ የዛሬው ወጣት በላቲን ሲያሳጥር ከዚያ በፊት ወደነበረው አጻጻፍ ይመለሳል። በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ይህ መንገድ የለውም። አናባቢው ከፊደሉ አካል ጋር ስለተዋደደ ማሳጠር የፈለገ ፊደል ሳይሆን ሐሳብ መቁረጥ አለበት።

ታዲያ የትኛው ሐሳብ ይቆረጣል? የልማዱን መልክ ለማሳየት እኔው ልጠቅልለው፦ «በዛብህ ድሃ፣ ሰብለ የባላባት ልጅ። ተዋደዱ። አባት ከለከለ። እሱ ሞተ፣ እሷ መነኮሰች።» ይህ 55 ምልክት ነው፤ በአንድ መልእክት ገብቶ 15 ቦታ ይተርፈዋል። ሐሰት የለበትም። ለፈተና ይበቃል። ግን ስሞቹን ለውጡና ምንኩስናዋን በሞት ተኩት፤ «ሮሜዎና ዡልየት» ይወጣችኋል። እንዲህ ያለ ጥቅል በዓለም ላይ ያለ የተከለከለ ፍቅር ሁሉ ሊለብሰው የሚችል ልብስ ነው፤ የሐዲስ የሆነ አንድ ክር የለበትም።

የተጣለውን እንይ። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ከፍቅረኞቹ አይደለም፤ ማንኩሳ ላይ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። የሁለቱ ጋብቻ፣ የልጆቻቸው ሞት፣ የተረፈውን በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸው፣ ይህ ሁሉ በዝግታ ይተረካል። ማጠቃለያዎቹ ይህን ክፍል እንደ መግቢያ ቆጥረው ይዘሉታል። በእኔ ንባብ ግን የመጽሐፉ እምብርት እዚያ ነው። በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የሚለየው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ የመደብ ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። ልጁ ግን አፉን ሳይፈታ በወላጆቹ አፍ የተሰጠ ነው፤ ከመሸሻ ቤት ቢያመልጥ እንኳ ከእናቱ ስለት አያመልጥም። ያ ስለት ክፋት የለበትም፤ ልጅ የቀበረች እናት ፍቅር ነው። ይህን የጣለ ጥቅል ጨካኝ አባት ይዞ ይቀራል፣ ሐዲስ ደግሞ ጨካኝ አባት ለማሳየት ከ500 ገጽ በላይ አልደከሙም።

ከዚህ የተሻለ የማሳጠር መንገድ በደጃችን አለ። በጥር 7 ወይም በሐምሌ 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲነግሥ ማኅሌቱ ውስጥ የገባ ሰው የዚያን መንገድ ፍሬ ይሰማል። ማኅሌቱ የሚዜምበትን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ከቅርብ ያየ ያውቀዋል፦ ከዋናው ቃል በላይ በቀጭን ብዕር የተጻፉ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ከፊሎቹ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወድቅ ይናገራሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሌሎቹ ግን ፊደሎች ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። ሥርዓቱን ያደራጁት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከድጓው ውስጥ ዜማው በቃል የታወቀ አንድ ሐረግ ይወሰዳል፤ ከሐረጉ አንድ ሁለት ፊደል ይቀነጠባል፤ ያ ቅንጣቢ፣ ሥረይ የሚባለው፣ ሌላ ቃል ላይ ሲቀመጥ ዘማሪው የመጀመሪያውን ሐረግ ዜማ ሙሉውን አምጥቶ እዚህ ያዜመዋል። ሁለት ፊደል፣ በጉሮሮ ውስጥ ግን ረጅም ዜማ።

እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ የስልክ ምኅጻርን የሚያወድሱትም የሚነቅፉትም ይህን ስለዘለሉት። ሥረይ ስለ ዜማው የተጻፈ ማብራሪያ አይደለም። «እዚህ ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አሳዝነው» ብሎ በራሱ ቋንቋ አይናገርም። ከዜማው ከራሱ አካል የተቆረጠ ነው፤ ሥጋው ከሥጋው። ሁለተኛም፣ ላልተማረ ሰው ምንም አይነግረውም። ድጓ ያልዘለቀ ሰው ምልክቱን ሲያየው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው፤ ዓመታት ቁጭ ብሎ ከመምህሩ አፍ ለተቀበለው ግን መጽሐፉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይከፈትለታል። የስልኩ ማጠቃለያ በሁለቱም በኩል ተቃራኒው ነው፦ ከደራሲው ቃል አንድም አይወስድም፣ ሊገባውም የሚችለው ላላነበበ ሰው ነው። ያነበበ ሰው ሲያየው መጽሐፉን አያስታውሰውም። በዛብህ ራሱ በዚህ ትምህርት ውስጥ ያደገ የቤተ ክህነት ልጅ መሆኑ ደግሞ የጥቅሉን ድህነት ያጎላዋል።

የማሳጠር ጥበብ በዓለማዊው ጽሑፍም ሊቅ አላጣም። የመንዙ ልጅ ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ያደረጉትን ዛሬ እንደ ሕፃናት መማሪያ ብቻ ማየታችን ያሳዝነኛል። ወንዝ ሞልቶ መሻገር አቅቶት ለውሃው የሚያዜመው አዝማሪ ታሪክ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም፤ በልጅነቱ ያጠናው ግን ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል፤ ሐሳቡ ከቤት አመታቱ ጋር ስለተሰፋ አንዱን ያለ ሌላው ማስታወስ አይቻልም። እኒሁ ሰው «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ አምጥተዋል። ያንኑ ተውኔት ለንደን ውስጥ ያሳጠረው ባለሙያ ሴራውን ይዞ ግጥሙን ለቀቀ። ከበደ የእንግሊዝኛውን ግጥም ማትረፍ አይችሉም ነበር፤ በቦታው ግን የአማርኛ ግጥም ተከሉ። ይህ ልዩነት ለእኔ ከታማኝነት ክርክር ሁሉ ይበልጣል።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን ከነአነጋገሩ አወቀው። ያ ትረካ መጽሐፉን ለብዙኃን ለማድረስ የግድ መቆራረጥ እንደማያስፈልግ በቂ ማስረጃ ነው። ለደብረ ብርሃን ተማሪ ዛሬ ያው ድምፅ ማጠቃለያው በሚመጣበት በዚያው ስልክ ሊመጣለት ይችላል።

ለማጠቃለያው ገበያ የከፈተው ማን እንደሆነም በግልጽ መባል አለበት። ፈተናው «ሰብለ ወንጌል በመጨረሻ ምን ሆነች?» ብሎ ከጠየቀ 55 ምልክት ያነበበውም 500 ገጽ ያነበበውም እኩል ይመልሳሉ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ይፈጥናል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ልብ ወለድን እንደ ፖሊስ ሪፖርት አድርጎ ያያል፣ ተማሪውንም ያንኑ ያስተምረዋል። ልጁ ስለሰነፈ ሊወቀስ አይገባም፤ የተጠየቀውን አሟልቷል።

እነዚሁ ተማሪዎች መጽሐፉን ሲያነቡት የሚያደርጉትን ስለማይ ተስፋ አልቆርጥም። ያነበበ ልጅ ስለ አንድ ዘመዱ ለጓደኛው «ጉዱ ካሳ ሆኗል» ብሎ ብቻ ይልካል። 7 ፊደል ነው። ጓደኛው ካነበበ፣ አገር የናቀው እውነት ተናጋሪ፣ እብድ የተባለ ብልህ፣ ቤተሰቡ የሚያፍርበት አሳቢ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣለታል፤ ካላነበበ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ አንዳንዱም መጽሐፉን ይዋሳል። ይህ ፍጹም ሥረይ ነው፤ ከመጽሐፉ አካል የተቆረጠ፣ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የተቀመጠ። ልጆቹ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል። የሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን የቤት ሥራ ቢያደርጉት እወዳለሁ፦ ተማሪው አንድ ምዕራፍ ያንብብ፣ ከደራሲው ቃላት ብቻ መርጦ በ70 ፊደል ለክፍል ጓደኛው ይላክ፣ ጓደኛው ደግሞ ከየትኛው ገጽ እንደተቆረጠ ይፈልግ። ውጤቱም የሚሰጠው በዚያ ገጽ ላይ ሁለቱ ለሚያደርጉት ክርክር ይሁን።