በቪዲዮ ጌም ውስጥ ስለ መሞትና ስለ መመለስ

ቪዲዮ ጌም የሚባለውን ጨዋታ የሚነቅፉ ሰዎች አብዝተው የሚናገሩት በውስጡ ስለሚፈሰው ደም ነው። ነቀፋቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከደሙ ብዛት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፥ በጨዋታው ውስጥ ሞት ዋጋ ያለው መኾኑና አለመኾኑ ነው። የሚበዙት ጨዋታዎች ተጫዋቹ የደረሰበትን ስፍራ መዝግቦ እንዲያቈይ ይፈቅዱለታል። ስለዚህ ቢሳሳት ወይም ቢሞት ወደ መዘገበው ስፍራ ይመለስና ነገሩን እንዳልተደረገ ያደርገዋል። ይህን የለመደ እጅ ቶሎ ይገድላል፥ ቶሎም ይረሳል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓመት ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ይህን ልማድ በአንድ ስፍራ ሰብሮታል። ኤሪስ የምትባለው አበባ ሻጭ ስትጸልይ ሳለች በሴፊሮት ሰይፍ ትገደላለች። ተጫዋቹ በብዙ ሰዓት ድካም ኃይሏን ሲያሳድግ ቈይቷልና፥ መዠመሪያ የሚያስበው በምን እንደሚያስነሣት ነው። በዚያው ጨዋታ በውጊያ የወደቀ ጓደኛ በፊኒክስ ላባ ይነሣል፤ እዚህ ላይ ግን ላባው አይረዳም፥ ስለ ምን እንደማይረዳም የሚናገር የለም። ይህ የድርሰቱ ጉድለት ነው። ኾኖም ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹን ለውጊያ ሲመርጥ ስሟን አያገኝም፤ ቍስል ትፈውስበት የነበረው ልዩ ችሎታም ከእርሷ ጋራ ቀርቷል። ኀዘኑም ከዚህ የተነሣ ይጸናል።

በ2011 ዓመት በሚያዛኪ መሪነት የተሠራው ዳርክ ሶልስ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ተጫዋቹ ሲሞት ያከማቻቸው ነፍሳት በወደቀበት ስፍራ ይቀራሉ፤ እርሱም ካረፈበት እሳት አጠገብ ይነሣል፥ ከገደላቸው ጠላቶችም የሚበዙት አብረው ይነሣሉ። ነፍሳቱን ሳያነሣ ዳግመኛ ቢሞት ግን ፈጽመው ይጠፋሉ። (ነፍስ የፍላጻ መግዣ ኾና መታየቷ ለጆሮ የሚከብድ ነው።) ስለዚህ ተጫዋቹ ጋሻውን አንሥቶ በየማዕዘኑ እየተመለከተ መሄድን ይማራል። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ኀዘኑ የነጋዴ ኀዘን ነው፥ የጠፋው ሀብት እንጂ ሰው አይደለምና።

ከኹሉ ይልቅ ነገሩን የመረመረው በ2015 ዓመት ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው አንደርቴል ነው። ሥዕሉ ድኻ ነው፥ የልጅ ሥራም ይመስላል። ኾኖም ተጫዋቹ ማንንም ሳይገድል ሊፈጽመው ይችላል። ቶሪየል የምትባለው ፍጥረት የጠፋውን ልጅ ተቀብላ ታበላዋለች፥ ክፉ እንዳያገኘውም መውጫውን ትከለክለዋለች። ሌላ መንገድ መኖሩን ያላወቀ ተጫዋች ይገድላታል፤ ከዚያም ተጸጽቶ ወደ መዘገበው ስፍራ ይመለሳል፥ በትዕግሥትም ያልፋታል። ወዲያው ፍላዊ የሚባለው ተናጋሪ አበባ ተገልጦ አስቀድሞ ያደረገውን እንደሚያውቅ ይነግረዋል። ተጫዋቹ ከዚያ ቤት ሲወጣ ቶሪየል በሕይወት አለች፤ መገደሏን የሚያውቁ ግን አኹን ኹለት ናቸው።