ከምሥጢሩ በፊት ያለው ሕፃን

በኦሪትና በመጽሐፈ ኢያሱ እግዚአብሔር አዘዘው ተብሎ የተጻፈውን ግድያ የጥንት ክርስቲያኖች እንዴት ተረዱት? ይህን የሚያወሱ ብዙ ጽሑፎች አንድ የተለመደ መንገድ ይከተላሉ። መናፍቁ ማርሲዮን የብሉይ ኪዳንን አምላክ ጨካኝ ብሎ ጣለው፤ የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪገን ደግሞ ጦርነቱን ወደ ነፍስ ውጊያ ተርጉሞ መጽሐፉንም አምላኩንም ታደገ። ምስጋናው ለኦሪገን ይሰጥና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኔ ይህ ምስጋና ከልኩ አልፏል ባይ ነኝ። በዚያው መንገድ ተጉዞ ከሁሉ የላቀ ነገር የተናገረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ የኦሪገን ተከታይ ብቻ ተደርጎ ይታለፋል።

ኦሪገን ስለ መጽሐፈ ኢያሱ የሰበካቸው 26 ስብከቶች በሩፊኖስ የላቲን ትርጉም ደርሰውናል። በእርሱ ፍቺ ኢያሪኮ ይህች ዓለም ናት፤ ቀንደ መለከቶቹ የሐዋርያት ስብከት ናቸው፤ እርም ሆነው የሚጠፉት አሕዛብ በልባችን ያደሩ ክፉ ምኞቶች ናቸው። እነዚያ ውጊያዎች የመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ ባይሆኑ ኖሮ ሐዋርያት መጻሕፍቱን በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ ባላስረከቡን ነበር እስከማለት ይደፍራል። ሰውየው ደም ወዳድ አልነበረም። ክርስትናን ለነቀፈው ፈላስፋ ለኬልሶስ በጻፈው መልስ ክርስቲያን ለንጉሡ የሚዋጋው በጸሎት እንጂ በሰይፍ አይደለም ብሎ ተሟግቷል። የሚያሳስበኝ ግን የትርጓሜው ፍጥነት ነው። ሕፃንና ሽማግሌ በሰይፍ ስለት ሲያልቁ አምላክ እንዴት ጨከነ የሚለውን ጥያቄ ኦሪገን ያውቀዋል፤ የሚያነሣው ግን የመናፍቃን ክስ አድርጎ ነው። እንደ ክስ ይሰማዋል፤ እንደ ክስም መልስ ይሰጠውና ወደ ምሥጢሩ ይሻገራል። የሞተው ከነዓናዊ ለአፍታ እንኳ እንደ ሰው አልታየም።

የባስልዮስ ታናሽ ወንድም፣ የቀጰዶቅያዋ ኑሲስ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አለን። በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የጻፈው «የሙሴ ሕይወት» ሁለት ክፍል አለው፦ በመጀመሪያው ታሪኩን ይተርካል፤ በሁለተኛው ተመልሶ ምሥጢሩን ይፈታል። በሁለተኛው ክፍል ወደ ግብፅ በኩሮች ሞት ሲደርስ ግን ብዕሩ ይቆማል። በደሉን የሠራው ግብፃዊው ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው አራስ ልጁ ነው። ከዚያም ጎርጎርዮስ ማንም ያላስገደደውን ነገር ያደርጋል፦ ያንን ሕፃን ይስለዋል። ሕፃኑ ዓይኑን የሚያነሣው ወደ እናቱ ጡት ብቻ ነው። ሐዘኑን የሚያሳይበት ከዕንባ በቀር ሌላ ምልክት የለውም፤ የሚሻውን ሲያገኝ ፈገግ ይላል። ቀኝ እጁን ከግራው አይለይም።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ጾመ ነነዌን የጾመ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል። በትንቢተ ዮናስ መደምደሚያ ላይ እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲናገር የሚጠራቸው ቀኛቸውንና ግራቸውን የማያውቁትን ነው። ጎርጎርዮስ ዮናስን በስም አልጠቀሰም። ነገር ግን ለጠላት ከተማ የተነገረውን የምሕረት ቃል አንሥቶ ለጠላት ልጅ አለበሰው፤ ነነዌን የማረ አምላክ ስለ ግብፅ አራስ ምን ይላል የሚለውን ጥያቄ አንባቢው ራሱ ያሟላዋል።

ከሥዕሉ በኋላ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። ፍትሕ የት አለ? አምልኮተ እግዚአብሔርስ? ቅድስናስ? አራተኛው ጥያቄ ከሦስቱ ይለያል፤ ምስክር በስም ይጠራል። ልጅ ስለ አባቱ ኃጢአት እንደማይሞት በምዕራፍ 18 የጮኸውን ነቢዩን ሕዝቅኤልን የት አለህ ይለዋል። የአጻጻፉ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። የግሪክ ፈላስፋ አልጠራም፤ የዘመኑን ሥልጣኔም መለኪያ አላደረገም። መጽሐፍን በመጽሐፍ ፊት አቆመ። ማርሲዮን በኦሪት አምላክ ላይ ያቀረበውን ክስ ያህል የከበደ ጥያቄ አንሥቷል፤ ያነሣው ግን ከቤት ሳይወጣ፣ በነቢይ አንደበት፣ የራሱ ጥያቄ አድርጎ ነው። ኦሪገን ከመናፍቃን አፍ የሰማውን እርሱ ከገዛ አፉ አወጣው።

ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍቺ ግን ደካማ ነው። ሕፃኑ የክፋት ጅማሬ ነው፤ ምኞትን የገደለ ከዝሙት ይድናል፤ ቁጣን የገደለ ከነፍስ ግድያ ይድናል። ምክሩ ለመነኩሴም ለምእመንም ይጠቅማል፤ ጡት ፍለጋ ዓይኑን ላነሣው ልጅ ግን መልስ አይሆንም። እንዲያውም ልጁን ሕያው አድርጎ የሣለው ያው እጅ ወዲያው የክፋት ምልክት ሲያደርገው ማየት ያማል። ቢሆንም ሥዕሉ ከገጹ አልተፋቀም። ጎርጎርዮስ ሰውን በባርነት መግዛትን በመጽሐፈ መክብብ ስብከቱ በግልጽ ያወገዘ፣ ያለጊዜያቸው ስለሚሞቱ ሕፃናትም ለብቻው መጽሐፍ የጻፈ አባት ነው። ዓይኑ ትንሹን ሰው የማየት ልማድ ነበረው።

ምሳሌያዊው ትርጓሜ ብቻውን ከደም አይጠብቅም። ከነዓናዊውና አማሌቃዊው ለዘመናት የክፋት መጠሪያ ሆነው ሲሰበኩ፣ አንድ ሰባኪ ተነሥቶ ጎረቤቱን አማሌቅ ለማለት የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ኮተን ማዘር እ.ኤ.አ. በ1689 በቦስተን ለዘመቻ ለሚወጡ ወታደሮች ሲሰብክ የአገሩን ነባር ሕዝቦች አማሌቅ አላቸው። ኦሪገንን ለዚህ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። ሆኖም ሰውን አስቀድሞ ከንባቡ ያወጣ ትርጓሜ፣ ሌላው መጥቶ ሰይፉን በሥጋ ሲመዝ የሚያስቆምበት ነገር የለውም።

በዘመናችን የተስፋፋው መከላከያ ደግሞ ከታሪክ ጥናት የመጣ ነው። የጥንት ነገሥታት ድላቸውን ሲጽፉ ያጋንኑ ነበር ይላል። ማስረጃው እውነት ነው። የግብፁ መርኔፕታህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእስራኤል ዘር ጠፋ ብሎ አስቀረጸ፤ እስራኤል ግን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1868 የተገኘውና ዛሬ በሉቭር ሙዚየም ያለው የሞዓቡ ንጉሥ የሞሳ ሐውልትም በናባው 7,000 ሰው እርም አድርጎ መግደሉን ይተርካል፤ እርም የአካባቢው የጦርነት ወግ እንደነበር ያስረዳል። መጽሐፈ መሳፍንትም በመጀመሪያው ምዕራፉ ከነዓናውያን በምድሪቱ መቅረታቸውን ይመሰክራል። እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ ሕፃን አልተገደለም፤ ችግሩም ተፈታ» የሚለው ድምዳሜ ግን ሽሽት ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ሳኦል መንግሥቱን የሚያጣው አማሌቅን ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዝዞ ሳለ ንጉሡን አጋግንና የተመረጡትን ከብቶች ስላስቀረ ነው። ትእዛዙ የአነጋገር ፈሊጥ ብቻ ከነበረ ሳኦል በምን ጥፋት ተጣለ? የሕፃናት ሞት ግነት ነው ብሎ የሚጽናና ሊቅ፣ ሕፃናት ለምን ለድል መዝሙር ማድመቂያ ሆኑ የሚለውን አልጠየቀም። ከዚህ ይልቅ የፕሮቴስታንቱን የተሐድሶ መሪ ካልቪንን አከብራለሁ። በመጽሐፈ ኢያሱ ማብራሪያው፣ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ባይሆን ኖሮ ያ እልቂት ኢሰብአዊ ጭፍጨፋ ይባል እንደነበር ሳይሸሽግ ጽፏል። መልሱን አልቀበልም፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም።

ሌላው መንገድ ማስወገድ ነው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው የታደሰ የሰዓታት ጸሎት ውስጥ በእኛ በግእዙ ዳዊት ቁጥር መዝሙር 57ን፣ 82ንና 108ን ሙሉ በሙሉ፣ በባቢሎን ሕፃናት ላይ በቀልን የሚመኙትን የመዝሙር 136ን የመጨረሻ ቁጥሮችም ከሌሎች ጥቂት የርግማን ስንኞች ጋር አስቀርታለች። አሳቢነቱ ይገባኛል። ውሳኔው ግን የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። በመጽሐፈ ኢያሱ ሰይፍ የያዘው አሸናፊው ነው፤ በመዝሙር 136 የሚጮኸው በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጠ ምርኮኛ ነው፤ ሰይፍ የለውም፤ በቀሉንም ለእግዚአብሔር ትቷል። ዳዊታቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆርጡ የሚደግሙ አረጋውያን ያንን መራራ ቃልም ከነምሬቱ በአምላክ ፊት ያደርሱታል። እኔ ይህ ከመቁረጥ የበለጠ ጥበብ ነው እላለሁ። አገሩ የጠፋበት ሰው የሚጸልይበት ቃል ይቀርለታል፤ የተጸለየ ቁጣም ወደ ፈራጁ ዞሯል።

የአንድምታ ወጋችን ለዚህ የተመቸ ነው። በአንድ ንባብ ላይ ብዙ ፍቺ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ምሥጢሩ መጣ ተብሎ ታሪኩ አይባረርም። እንግዲህ የነገረ መለኮት ኮሌጆቻችንና የመጻሕፍት ጉባኤያት መጽሐፈ ኢያሱን ሲያስተምሩ የ«ሙሴ ሕይወት»ን ሁለተኛ ክፍል አጠገቡ ያኑሩ። ተማሪው ኢያሪኮ ዓለም ናት ከማለቱ በፊት የጎርጎርዮስን አራት ጥያቄዎች በራሱ አንደበት ይጠይቅ፤ መምህሩም መልስ ለመስጠት አይቸኩል።