ለፊታውራሪ መሸሻ ድምፁን ያዋሰው ሰው

በሀገራችን የቴአትር ሰው ለብዙ ዘመን «አዝማሪ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ናቂዎቹም የሚያቀርቡት ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው፥ ተዋናይ ያልሆነውን ሆኖ ስለሚታይ ሥራው ከሐሰት ይቆጠራል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ክፉውን ሰው መስሎ የሚጫወት ሰው ክፋትን ያስተምራል የሚል ነው። የመጀመሪያውን እዚህ አልመረምረውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ጨዋታን ከሐሰት ለይቶ ያውቃልና። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉን መምህራንም አጥብቀው የሚያስጠነቅቁን ስለዚሁ ነበር። ስለ ወጋየሁ ንጋቱ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። በሀንጋሪ ሀገር የቴአትር ትምህርት ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ መድረኮች ብዙ ዘመን ተጫወተ፤ በ1982 ዓ.ም. ገና ሳያረጅ ዐረፈ። እኛ የባሌ ደጋ ሰዎች ግን በመድረክ ላይ አላየነውም። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአንገቱ ለሚነሣ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። ቴአትር ለማየት ብሎ ይህን ያህል የሚጓዝ ገበሬም መምህርም አልነበረም። እኛ የምናውቀው በራዲዮ ነው፤ ይኸውም በ1970ዎቹ ዓመታት «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ባነበበ ጊዜ ነው።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በዚህ በደጋው መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር፤ የተገዛውም አንድ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገጹ ተገነጣጥሎ ያልቅ ነበር። ራዲዮኑ ግን ለሁሉ እኩል ይናገራል። ባትሪው እንዳያልቅ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለው ራዲዮን በንባቡ ሰዓት ይከፈታል፤ ጎረቤትም ይሰበሰባል። አማርኛ ለማይሰሙት ሽማግሌዎች ልጆቹ ወደ ኦሮምኛ እየመለሱ ይነግሯቸዋል። ልጆቹ ሲመልሱ ብዙ ይዘላሉ፥ አንዳንዴም ከራሳቸው ይጨምራሉ፤ ያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልጠፋባቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ ሽማግሌዎች እነማን እንደ ነበሩ አስብ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውን የባሌን ገበሬ ዐመፅ በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ለዐመፁ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የመሬት ግብር ነበር፤ ግብሩን መክፈል ያልቻለ ሰው መሬቱን ያጣ ነበርና። ታዲያ ፊታውራሪ መሸሻ በጎጃም ገበሬዎች ላይ ያልተለመደ ግብር ሲጭኑ፥ ገበሬዎቹም አንከፍልም ሲሉ፥ ፊታውራሪውም ሊያስገብሩ ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁ፥ ይህ ለባሌ ሽማግሌ የሩቅ ሀገር ተረት አልነበረም። የጎጃም ገበሬ በራሱ ቋንቋ በሚናገር ጌታ ሥር እንዲያ መከራ ያይ እንደ ነበረ ማወቁ ብዙዎቹን አስደንቋል።

እንግዲህ የወጋየሁን ሥራ የምመዝነው በዚህ ቦታ ነው። ጊዜው የመሬት ዐዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። ባላባት በየአደባባዩ የሚሰደብበት፥ በሥዕልም ሆዱ ተነፍቶ ጥርሱ እንደ አውሬ ሾሎ የሚታይበት ዘመን ነበር። አንድ ተዋናይ ፊታውራሪ መሸሻን በዚያው መልክ ቢያቀርብ የሚነቅፈው አልነበረም፤ እንዲያውም ጭብጨባ ያገኝ ነበር። ወጋየሁ ግን ይህን ቀላል መንገድ አልሄደበትም። ፊታውራሪው በዘራቸው ሲመኩ ትምክሕቱን ሙሉ አድርጎ አሰማ፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለእኩያ ካልሆነ አልድርም ሲሉም የአባትነት ስስታቸው ከኩራታቸው ጋር አብሮ ይሰማል። ሰሚው ይስቅባቸዋል፥ ይቈጣቸዋልም፤ ነገር ግን ሰው መሆናቸውን አይረሳም። ክፉው ሰው እንደ አውሬ ቢቀርብልን ኖሮ ማናችንም ራሳችንን ከእሱ ጋር ባላስተያየን ነበር። አውሬ በእኛ ቤት የለማ! ኩሩ አባት ግን በየቤቱ አለ፤ በጭቃ ቤትም፥ በቆርቆሮ ቤትም፥ በእኛ በመምህራን ቤትም።

ጉዱ ካሣ ላይ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። ስሙ ራሱ አንባቢውን ወደ ቀልድ ይጋብዘዋል፤ እብድ አስመስሎ ቢያነቡት ሰሚው ስቆ ያልፋል። ወጋየሁ ሰውየውን አላሳበደውም፤ እብድ የሚሉትን ሰዎች እያሰማን፥ የእሱን ንግግር ግን በጤነኛ ሰው ድምፅ አስቀመጠው።

በአሜሪካ ሲኒማም እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ። ዋልተር ብሬናን የሚባለው ተዋናይ የዋናውን ጀግና ቦታ ሳይሻ፥ ሽማግሌውን፥ ሰካራሙን፥ ጨካኙን ዳኛ እየተጫወተ ሦስት ጊዜ የረዳት ተዋናይ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የወጋየሁ ግን ከዚህ የሚለይበት ነገር አለ፤ በራዲዮኑ ንባብ ረዳቱም ዋናውም እሱ ብቻ ነው። በዛብህን ብቻ አሳምሮ ሌላውን ሁሉ በችኮላ ቢያልፈው ማን ይከለክለው ነበር?

ሰዎች ሲያመሰግኑት «ድምፁ ደስ ይላል» ይላሉ። ይህ ምስጋና አይበቃኝም። ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ድምፀ መልካም ሆነው መጽሐፍ ያበላሹ ብዙ አንባቢዎች ሰምቻለሁ፤ ራሳቸውን ሲያዳምጡ የደራሲው ነገር ይጠፋቸዋል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች፥ ሞት በሞት ላይ ሲደረብ፥ የወጋየሁ ኀዘን ከደራሲው ቃል በላይ የከበደ ይመስለኛል። ሐዲስ እነዚያን ገጾች የጻፉት በቀላልና በረጋ አማርኛ ነው፤ ቃሉ ሳያለቅስ አንባቢውን ያስለቅሳል። ንባቡ ግን አስቀድሞ ራሱ ያዝናል፤ ለሰሚው የሚተወው ድርሻ ትንሽ ነው። ባስተማርሁባቸው ዓመታት መጽሐፉን አንብበናል ይሉኝ ከነበሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ የሰሙት እንጂ ያነበቡት አልነበሩም። ስለዚህ መጽሐፉን በክፍል ይዤ ስገባ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ገጽ ድምፁን ሳያሰማ በዐይኑ ብቻ እንዲያነብ አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ፊታውራሪው ምዕራፍ ተመልሰን ጮክ ብለን እናነባለን፤ በዚያን ጊዜ ከልጆቹ ግማሹ ሳያውቁት በወጋየሁ ድምፅ ይናገራሉ፤ እኔም አላርማቸውም ነበር።