የዜማ ልብስ፤ ስለ ሸክላና ስለ ካሴት ሽፋን

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ተብሎ የተነገረው ቃል ለንግግር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ብርሌ የጠጁን መልክ አይሰውርም፤ ጠጪው ገና ከአፉ ሳያደርሰው መጥራቱንና መደፍረሱን በዓይኑ አይቶ ያውቃል። በዚህ በካፋ አገርም ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ጫፍ ቀምሶ፥ ቡና የሚገዛም ፍሬውን በመዳፉ ዘግኖና አሽትቶ ነው ዋጋ የሚነጋገር። ዜማ የሚገዛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። በሱቁ በር አንድ ዘፈን ቢሰማ እንኳ የቀሩትን ዘጠኙን ሳይሰማ ይከፍላል። ስለዚህ ነጋዴው ለጆሮ የሚሸጠውን ነገር አስቀድሞ ለዓይን ማልበስ ግድ ሆነበት። ይህ ልብስ ገዢን እንዴት እንደሚጠራ፥ መቼ እንደ ብርሌ ውስጡን እንደሚያሳይ፥ መቼስ እንደሚሰውር በዛሬው ጽሑፋችን እንመርምር። የምናወሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በቤታችን ያለውን የዜማ መጽሐፍ እናስብ። ድጓ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፥ ቆዳ ይለብሳል፤ በቆዳውም ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተምበታል፤ ከዚያም በማኅደሩ ይገባል። በውስጡ የዜማው ምልክት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ተጽፎ፥ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ተለይቶ እጅግ ያማረ ሥራ አለ። ሽፋኑ ግን ከሌሎቹ መጻሕፍት ሽፋን አይለይም፥ ማንንም አይጠራም። ምክንያቱም መሪጌታው መጽሐፉን ፈልጎ ይመጣል እንጂ መጽሐፉ አንባቢ ፍለጋ ገበያ አይወጣም። ሽፋን መጣራት የጀመረ ዜማ ሸቀጥ ሆኖ በማያውቀው ሰው ፊት ከተዘረጋ በኋላ ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ሸክላ መጀመሪያ የሚሸጠው በተራ ወረቀት ተጠቅልሎ፥ በጥራዙም ላይ ርእሱና የሠሪው ስም ብቻ ተጽፎ ነበር። በ1940 ግን በኮሎምቢያ ኩባንያ ይሠራ የነበረ አሌክስ ስታይንዋይስ የሚባል ወጣት ሠዓሊ ሽፋኑን በሥዕል ቢያስጌጠው ገዢው በረከተ፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት። በሙዚቃ መጽሔቶችም ሽፋን ላይ የታወቀ ፊት ይወጣ ነበር። በ1967 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሮሊንግ ስቶን የሚባለው መጽሔት በመጀመሪያ ቁጥሩ ሽፋን ላይ ያወጣው የዘፋኙን የጆን ሌነንን ፎቶግራፍ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ የተወሰደው ከፊልም ስለ ነበረ፥ ዘፋኙ የወታደር ቁር ደፍቶ ይታያል እንጂ ጊታር አልያዘም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ሽፋኑ ያቀረበው ዜማውን ሳይሆን የታወቀውን ፊት ነው። የታወቀ ፊት ላለው ይህ ይበቃዋል፤ ፊቱን ማንም ለማያውቀው ግን ሌላ ምስክር ያሻዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ በአዲስ አበባ የሸክላ ሱቅ የነበረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራውም የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። እስከ 1975 ድረስም መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ከእነዚያ መካከል የዘፋኙ ፎቶግራፍ የታተመባቸውን ስንመለከት ብዙ ጊዜ ሱፍ ለብሶ፥ ከረባት አስሮ፥ ጠጕሩን በጊዜው ወግ አበጥሮ የቆመ ጐልማሳ እናያለን። በዚህ ላይ «የፈረንጅ አለባበስ ለአገር ዘፈን ምን ይገባዋል?» የሚል ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ነቀፌታውን አንቀበለውም። በውስጡ ያለው ዜማ ራሱ ቅኝቱን ከአገሩ፥ ሳክስፎኑንና የኤሌክትሪክ ጊታሩን ከውጭ የወሰደ ነበርና፥ ሽፋኑ የውስጡን እውነት ተናግሯል።

ከአምሃ ጋር አብሮ የሚነሣው ሌላው አሳታሚ ካይፋ ሬከርድስ ነው። ስሙን በሽፋን ላይ ያየ የቦንጋ ሰው ከአገሩ የወጣ ሊመስለው ይችላል፤ ስሙ ግን የነጋዴው የዓሊ አብደላ ካይፋ እንጂ የካፋ አገር አይደለም። በአንድ ፊደል ልዩነት ልብ ሊሳሳት መቻሉ የሽፋን ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን መጣ፤ ሥፍራውም ጠበበ። የትልቁ ሸክላ ሽፋን በየማዕዘኑ 31 ሳንቲ ሜትር፥ የትንሹ 18 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የካሴቱ ፊት ግን ቁመቱ ከ10፥ ስፋቱ ከ7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በዚህች ጠባብ ወረቀት የዘፋኙ ፊት ገንኖ፥ ስሙ በደማቅ ቀለም ተጽፎ፥ የሙዚቃ ቤቱ ምልክት በጥግ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ለመጥራት ነው። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግን በታጠፈው በኩል ሌላ ነገር እናገኛለን፤ ግጥሙን የደረሰ እገሌ፥ ዜማውን የሠራ እገሌ፥ ያቀናበረ እገሌ ይላል። እነዚያ ሰዎች ፊታቸው አይታይም፥ ገበያውም ስለ እነርሱ አይጠይቅም፤ ሆኖም ሥራው የእነርሱ መሆኑን ያች ወረቀት ትመሰክር ነበር። ካሴት እየገለበጠ የሚሸጥ ሰው ድምፁን መቅዳት ባይከብደውም፥ የወረቀቱን ኅትመት አሳምሮ መምሰል ይቸግረው ነበርና፥ ገዢውም እውነተኛውን ከተሰረቀው የሚለይበት አንዱ ምልክት ሽፋኑ ነበር። የደራሲን መብት የሚጠብቅ አዋጅ በ2004 ቢወጣም፥ ከአዋጁ አስቀድማ ያች ታናሽ ወረቀት በአቅሟ ዘብ ቆማለች።

ይህንኑ ቁም ነገር የውጭ አገር ሰው በሚገባ ተጠቅሞበታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1998 ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም የአገራችንን ዜማ በተከታታይ ሲያሳትም፥ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሽፋን ወግ ሰጣቸው። አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን በመልኩ አይቶ እንዲገዛ አደረገው፤ ነገር ግን ከምስሉ ኋላ የዘፋኞቹንና የተጫዋቾቹን ታሪክ በጽሑፍ አስከተለ። በ2006 የወጣው 21ኛው ክፍል የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራ ነው። «መነኵሲት ናት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የሚገዛ እንግዳ ቆቡን ገዛ እንጂ ዜማውን አልገዛም፤ አዳምጦ ታሪኳን ያነበበ ግን በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፈችው እማሆይ ምን ያህል የተማረች የዜማ ደራሲ እንደ ነበረች ያውቃል።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ዛሬ ዘፈን በካሴት አይሸጥም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሽፋኑም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ምስል ሆነች። ባለፈው የገበያ ቀን በቦንጋ ዘፈን በስልክ ከሚጭን ሱቅ ቆመን በካፊ ኖኖ የተዘፈነ አንድ ዘፈን ሰማን። ምስሉ የቡና ቅርንጫፍና የጫካ ጭጋግ ያሳያል፥ የዘፋኙም ስም አለ። «ግጥሙ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ባለሱቁ «እኔም ከሌላ ስልክ ነው የተቀበልሁት» አለን። የሠሪው ስም በመንገድ ቀርቷል።

ቡናና ጫካ በሽፋን ላይ መታየታቸው ነውር አይደለም፤ አገራችን ካፋ በእነርሱ ትታወቃለች። ዘፈኑ ስለ ለቅሶ ወይም ስለ ስደት ሲሆን ግን ያው የቡና ቅርንጫፍ ቢታይ ብርሌው ተደፈነ ማለት ነው፤ የሩቅ ገዢ ከሚጠብቀው በቀር ምንም አይነግርም። የፊደሉም ነገር ያሳስባል። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ ርእሱ በእርሱ ብቻ ሲጻፍ የአገሬው ልጅ ያነበዋል፥ የአዲስ አበባው ሰው ይቸገራል፤ በግእዝ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ደግሞ ቋንቋው የራሱን ወግ ያጣል። ሥፍራው ቢጠብም ሁለቱን ጐን ለጐን ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ለወጣት ድምፃውያንና ምስሉን ለሚሠሩላቸው ባለሙያዎች የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ለመጥራት ያህል አስጊጡ፥ ማንም አይከለክላችሁም፤ ነገር ግን ከምስሉ ጋር የቋንቋውን ስም፥ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ጻፉ። በምስሉ ላይ ባይበቃ ከዘፈኑ ጋር በሚተላለፈው ጽሑፍ ውስጥ አኑሩት። ምስሉ የዛሬውን ገዢ ይጠራል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ዘፈን የማን እንደ ነበረ ለልጅ ልጅ የሚመሰክር ግን ያ የተጻፈው ስም ነው።